ግማሽ ሰከንድ የሚቆረቁረው ሰው

በኢንተርኔት መድረኩ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማታ ከሥራ በኋላ ጌም ልጫወት ቁጭ ብዬ ነበር። ጌሙ እስኪከፈት ጠበቅኩ። ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ እያየሁ ቀኑንም እንዲሁ ስጠብቅ መዋሌ ትዝ አለኝ፤ ጠዋት ኮዱ እስኪገነባ፣ ከምሳ በኋላ ኮዱን የሚፈትሸው ቴስት እስኪያልቅ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ሰርቨሩ እስኪመልስልኝ። ከሁሉ ያሳሰበኝ መልመዳችን ነው። እኔም የሥራ ባልደረቦቼም ሶፍትዌር ሠሪዎች ነን። ግን ዝግታውን እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ አድርገን ተቀብለነዋል፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ስለዚህ የሚሰማኝን ጻፍኩ። ጎበዝ ኢንጂነር ማለት ዝግታ ሲያይ የሚቆረቁረው ሰው ነው አልኩ። ስንት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ያውቃል፣ የት ተማረ፣ የት ሠራ የሚለው ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ ሁለት ታሪክ አቀረብኩ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

የመጀመሪያው የጂቲኤ ኦንላይን ነው። ጌሙ በ2013 ነው የወጣው፤ ለመከፈት የሚፈጅበት ጊዜ ለዓመታት ተጫዋቾችን ሲያማርር ኖሯል። በ2021 መጀመሪያ ላይ አንድ ተጫዋች በራሱ ኮምፒውተር ላይ ወደ 6 ደቂቃ እንደሚወስድ ለካ። ከዚያ ምክንያቱን ፈልጎ አገኘው። ጌሙ ሲከፈት 10 ሜጋባይት የሚሆን የጽሑፍ ፋይል ያነባል፤ ውስጡ 63,000 ገደማ ዕቃዎች ተዘርዝረዋል። የሚያነበው ኮድ እያንዳንዷን ቁራጭ ባነሳ ቁጥር የቀረው ፋይል ስንት ፊደል እንደሆነ እስከ መጨረሻው እንደ አዲስ ይቆጥራል። ይህ አልበቃ ብሎ እያንዳንዱን ዕቃ ከመመዝገቡ በፊት ቀድሞ ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር አንድ በአንድ ያስተያያል። ሰውዬው ሁለቱን አስተካከለ። ጌሙ 2 ደቂቃ ሳይሞላ መከፈት ጀመረ። የጌሙ ባለቤት ሮክስታር ግኝቱን ተቀብሎ ማሻሻያ አወጣ፣ ለሰውዬውም 10,000 ዶላር ሰጠው።

በሁለተኛው ታሪክ ዝግታው ግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሠሪ ሊኑክስ በተባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ሌላ ነገር እየለካ ሳለ፣ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግቢያ መንገድ) መግባት ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ብዙ ሰው ኔትወርኩ ነው ብሎ ያልፈዋል። እሱ ግን ጫፉን ይዞ ጎተተ። መጨረሻ ላይ ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር፣ ማለትም ለሰርጎ ገብ የተዘጋጀ ድብቅ መግቢያ አገኘ። የተበከለው እትም ወደ ዋና ዋናዎቹ የሊኑክስ ስርጭቶች የተረጋጋ እትም ሳይገባ ተያዘ።

ጽሑፌን በጥያቄ ዘጋሁት። ዝግታ ቆርቁሯችሁ ምክንያቱን እስከ ሥሩ የተከተላችሁት መቼ ነው አልኩ። ጠዋት ስነሳ 20 መልስ ጠበቀኝ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ 38 ደረሰ። ብዙ ነገር ስለተማርኩበት የተባባልነውን እያንዳንዱን በመልሱ ቁጥር እየጠራሁ ልተርክላችሁ።

ቁጥር 1 ወዲያው ነው የመጣው። ሥራ ቦታው ሠራተኞች በየቀኑ የሚከፍቱት አንድ ገጽ አለ። ለመከፈት 9 ሰከንድ ይፈጃል። ሰዎች ገጹን ጠቅ አድርገው ሌላ ነገር ሲሠሩ ቆይተው መመለስ ለምደዋል፤ እሱም ለምዶታል። ጽሑፌን ሲያነብ እንዳፈረና ነገ እንደሚያየው ጽፎ ሄደ። ይህን ሰው አስታውሱት።

ቁጥር 2 አረመኝ። እኔ መጀመሪያ ላይ ተጫዋቹ የጌሙን ኮድ አንብቦ ችግሩን አገኘ ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ የጌሙ ኮድ ዝግ ነው። ሰውዬው ያደረገው ጌሙ ጊዜውን የት እንደሚያጠፋ በፕሮፋይለር መለካት፣ ከዚያም አንዴ ወደ ማሽን ቋንቋ የተለወጠውን ፕሮግራም እየፈታ መመርመር ነው። ከውጭ ሆኖ፣ ማንም ሳይረዳው ማለት ነው። አመሰገንኩት፣ ጽሑፌንም አስተካከልኩ።

ቁጥር 3 የሁላችንንም ጥያቄ ጠየቀ። ያን ያህል ሰውና ገንዘብ ያለው ድርጅት እንዴት ለ7 ዓመት ይህን አያይም? ቁጥር 4 በጨዋ ቋንቋ ሊያስረዳው ሞከረ። ጌም ሠሪ እንደሆነ ገልጾ ግምቱን ጻፈ። ዝርዝሩ ሲጀመር አጭር ሊሆን ይችላል። 600 ዕቃ ቢኖር ሁሉን ከሁሉ ጋር ማስተያየት 180,000 ያህል ማነጻጸር ነው፤ ለኮምፒውተር የዓይን ጥቅሻ አይሞላም። ዕቃው 63,000 ሲደርስ ግን ማነጻጸሩ ወደ 2 ቢሊዮን ይጠጋል። ዕቃው 100 ጊዜ ሲያድግ ሥራው 10,000 ጊዜ ያድጋል። ኮዱን የጻፈው ሰው በሞከረበት ቀን ሁሉ ነገር ፈጣን ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሰው ደግሞ የሚሠራ ነገር ለምን እነካለሁ ይላል። ይህን መልስ ወደድኩት። ጥፋተኛ ከመፈለግ ይልቅ ነገሩ እንዴት እንደሚመጣ አሳየን።

ቁጥር 5 ግን በጭራሽ አልተዋጠለትም። ሰበብ ነው አለ። ያ ፋይል እኮ ጌሙ ውስጥ የሚገዙ ዕቃዎች ዝርዝር ነው፤ ተጫዋቹ ከ6 ደቂቃው ከ4 የሚበልጠውን የሚቀመጠው የሱቅ ካታሎግ እስኪነበብለት ነው ብሎ ጻፈ። ገንዘቡ እስከገባ ድረስ የሰው ጊዜ ማንንም አያሳስብም አለ። አነጋገሩ ይቆረፍዳል። ስለ ካታሎጉ ያለው ግን ልክ ነው፤ እኔም ታሪኩን መጀመሪያ ሳነብ ከሁሉ ያናደደኝ እሱ ነበር።

ቁጥር 6 የታዋቂውን የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ የዶናልድ ክኑዝን ስም ይዞ ገባ። ያለጊዜው ለማፍጠን መሮጥ የጥፋት ሁሉ ሥር ነው የሚለውን የታወቀ ሐሳብ ጠቅሶ፣ መጀመሪያ የሚሠራ ነገር ሥሩ፣ ፍጥነት በኋላ ይደርሳል አለን። ቁጥር 7 ሙሉውን አንብብ ብሎ መለሰለት። ክኑዝ ያን የጻፈው በ1974 ነው። ትናንሽ የፍጥነት ጥቅሞችን 97 በመቶ በሚሆነው ጊዜ እንርሳቸው ብሎ፣ በወሳኙ 3 በመቶ ላይ ግን ዕድሉን ማሳለፍ የለብንም ሲል ወዲያው ቀጥሎ ጽፏል። 3 በመቶው የት እንዳለ የሚያውቅ ደግሞ የለካ ሰው ብቻ ነው። እኔ በሥራዬ ይህ አባባል በግማሹ ተቆርጦ ሲቀርብ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጥረውም። ኮድ ሲገመገም አንድ ሰው ይኼ ይዘገያል ሲል ሌላው ክኑዝን ይጠራል፣ ወሬው ያልቃል። ሰውዬው የተናገረው ለዚያ አልነበረም።

የቁጥር 8ን ገጠመኝ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ነግሬያለሁ። ቡድናቸው ውስጥ ሁሉም ሰው ውድና ፈጣን ኮምፒውተር ነበረው። የእሷ ተበላሸና እስኪጠገን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሰጧት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደንበኞች ሲያማርሩባቸው የኖሩ፣ ቡድኑ ግን እኛ ጋ አይታይም እያለ የዘጋቸው ችግሮች አንድ በአንድ ዓይኗ ላይ መጡ። አንዱ ይኸውላችሁ። ላክ የሚለውን ቁልፍ ትጫናለች። ምንም አይፈጠርም። አልሠራም ብላ ደግማ ትጫናለች። ትእዛዙ ሁለት ጊዜ ይሄዳል። ደንበኞቹ ለወራት ድርብ ትእዛዝ እያሉ ሲጮኹ የነበረው ለካ ይኼ ነው። ፈጣኑ ማሽን ላይ ቁልፉ ወዲያው ስለሚመልስ ማንም ሁለቴ ለመጫን ጊዜ አልነበረውም። የራሷ ኮምፒውተር ተጠግኖ ሲመጣ አሮጌውን አልመልስም አለች፤ እስከ ዛሬ አዲስ ነገር ስትጨርስ መጀመሪያ የምትሞክረው እሱ ላይ ነው።

ቁጥር 9 አንጋፋ ናቸው። በ1980ዎቹ ሥራ እንደጀመሩ ስለጻፉ ከዚያ በኋላ ሁላችንም አንቱ ስንላቸው ነበር፤ ከአንድ ሰው በቀር። የመጀመሪያው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በ1985 ሲወጣ መላው ጌም 40 ኪሎባይት እንደነበረ አስታወሱን። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ያኔ የሚባክን ቦታ ስላልነበረ ሰው እያንዳንዷን ባይት ያስብባት ነበር አሉ።

አንቱ ያላላቸው ቁጥር 10 ነው። የድሮ ነገር ሲያወሩት ያምራል፣ በካሴት ይጫኑ የነበሩት ጌሞች ግን ስንት ደቂቃ ይፈጁ ነበር ብሎ ጠየቃቸው፤ መሃል ላይ ከተበላሸ ደግሞ ከዜሮ መጀመር ነው። እውነቱን ነው፣ አጠያየቁ ግን ለታላቅ ሰው የሚገባ አልነበረም። እሳቸው አልተቀየሙም። 11 ላይ ተመልሰው መጥተው ልክ ነህ፣ ካሴቱ እስኪጫን ከቤት ወጥቼ እመለስ ነበር አሉት። ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ። ያኔ ያዘገያቸው ማሽኑ ነበር፤ ማሽኑ ከዚያ ወዲህ በብዙ ሺህ እጥፍ ፈጥኗል፤ ስለዚህ ዛሬ ለሚዘገየው ማሽኑን መውቀስ አይቻልም አሉ። ቁጥር 10 ከዚህ በኋላ ጸጥ አለ።

ከ12 እስከ 15 ያሉት ቁጥር ተወራወሩ። ጌም በሰከንድ 60 ምስል ማሳየት ካለበት ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16 ሚሊሰከንድ ከምናምን ነው። ጠላት መንቀሳቀሱ፣ ጥይት መምታቱ፣ ብርሃንና ጥላው፣ ድምፁ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ማለቅ አለበት። ካላለቀ ምስሉ ይንገጫገጫል፣ ተጫዋቹም በእጁ ላይ ያውቀዋል። ቁጥር 13 የቢሮ ሶፍትዌር የሚንቀራፈፈው እንዲህ ዓይነት ገደብ ስለሌለን ነው አለ። ቁጥር 14 አለን እንጂ አለችው። የሶፍትዌርን የአጠቃቀም ምቾት የሚያጠናው ያኮብ ኒልሰን በ1993 የጻፋቸውን ሦስት ወሰኖች አመጣች። እስከ 0.1 ሰከንድ ድረስ ሰው ነገሩ ወዲያው የሆነ ይመስለዋል። እስከ 1 ሰከንድ መዘግየቱን ያስተውላል፣ ሐሳቡ ግን አይቋረጥም። 10 ሰከንድ ካለፈ ልቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። የቁጥር 1 ገጽ 9 ሰከንድ፣ ማለትም 10ሩን ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እንደሚፈጅ አስታውሳ ሠራተኞቹ ለምን ሌላ ነገር መሥራት እንደለመዱ ከዚህ ይገባችኋል አለች። ቁጥር 15 ወሰኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ አለቃችሁ ስለ ዝግታ የጠየቃችሁ መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። 16 ስለ ኪቦርድ ነበር፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ከዚያ 17 መጣ። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ውሎ ማታ ደግሞ ለጌም ስክሪን ላይ መቀመጥ በሽታ ነው አለን። ትልቅ ሰው ጌም አይጫወትም፤ እዚህ የምታወሩት ስለ ኢንጂነሪንግ አይደለም፣ ለሱሳችሁ ምክንያት እየፈለጋችሁ ነው አለ። ልክ ልካችንን የነገረን መስሎት ነበር። ቁጥር 18 በስድብ መለሰለት። የመድረኩ አስተባባሪ መልሱን አጠፋው፤ ደግ አደረገ። የ17 ንግግር የሚያስቀይም ቢሆንም ሐሳብ አለው፤ የ18 ግን ሰውዬውን ብቻ ነው የነካው።

ቁጥር 19 ረዥም ጻፈ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሥራ ላይ የሚጽፈው ኮድ አያልቅም። አንዱን ሲዘጋ ሁለት አዲስ ይከፈታል። የስድስት ወር ልፋት ፕሮጀክቱ ተሰርዟል በሚል አንድ ኢሜይል ይጠፋል። ያደረገው ነገር ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚነግረው ሰው የለም፤ በዓመት አንዴ ግምገማ አለ፣ እሱም ስለ ኮዱ አይደለም። ጌም ውስጥ ግን ያደረገው ነገር ውጤት ወዲያው ይታያል። ተሸነፈ፣ ለምን እንደተሸነፈ አየ፣ ደግሞ ሞከረ፣ አለፈ። ማታ 40 ደቂቃ የሚጫወተው ቀኑን ሙሉ ያላገኛትን አንዲት ነገር ለማግኘት ነው፤ ጀምሮ መጨረስን።

እኔም ያን ማታ ጌሙን የከፈትኩት ለዚሁ ነው። ዝግታው ያናደደኝም ለዚሁ ይመስለኛል። ሰው ሥራውን ጨርሶ ለራሱ የተወላት አንዲት ሰዓት ላይ 6 ደቂቃ መውሰድ ቀላል አይደለም።

ቁጥር 20 ለ19 በጎን በኩል መልስ ሰጠችው። የምትለው ዓይነት ጌም እየቀነሰ ነው አለች። አሁን ብዙዎቹ ራሳቸው ሥራ ሆነዋል። የዕለት ተልእኮ አለ፣ የሳምንት ተልእኮ አለ፣ ዛሬ ካልገባሽ ሽልማቱ ያመልጥሻል ይላል። እሷ አንዱን ጌም የተወችው ዕረፍት ወጥታ እያለ ተልእኮው እንዳያልፍባት ስልኳን ስትፈልግ ራሷን ስላገኘችው ነው። 21 ላይ እኔ ገባሁ። ከእሷ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የምወዳቸው ጌሞች ስዘጋቸው የሚዘጉት ናቸው። ለአንድ ወር ብጠፋ የማይቀየሙኝ።

ያልጠበቅኩት ነገር 22 ነው። 17 ተመለሰ። ድምፁ ሌላ ነበር። ወጣት ሳለ ሁለት ዓመት ያህል አንድ ጌም ላይ እንዳሳለፈ፣ ትምህርቱን እንዳቋረጠ፣ ለመመለስ ብዙ እንደተቸገረ ጻፈ። ጌም የሚለውን ቃል ሲያይ ያ ዘመን እንደሚመጣበትና ለዚህ እንደተቆጣ ነገረን። ይቅርታ ሲል ሐሳቡን አልተወም፤ አነጋገሩን ብቻ ነው ያረመው። ከፊት ለፊት ቢሆን እጁን እጨብጠው ነበር።

ቁጥር 23 ወደ ኤክስዜድ መለሰን፣ እኔ ያላነሳሁትንም ወገን አነሳ። ሁላችሁም ስለ ግማሽ ሰከንዱ ታወራላችሁ፣ ከዚያ በፊት ስለነበረው ሁለት ዓመት ግን ማንም አላወራም አለ። ያን ፕሮግራም ለዓመታት የያዘው አንድ ሰው ነበር፤ በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ክፍያ። በ2022 በፕሮጀክቱ የኢሜይል መድረክ ላይ የማይታወቁ ስሞች ብቅ ብለው ይጨቀጭቁት ጀመር። ሥራው ተንቀራፈፈ፣ ካልቻልክ ለሌላ አስረክብ ይሉት ነበር። ሰውዬው የአእምሮ ጤናው ለረዥም ጊዜ እንደተቸገረ በግልጽ ጽፎላቸዋል። ጭቅጭቁ አልቆመም። በመጨረሻ እየረዳ ልቡን ላገኘው አንድ ሰው የባለቤትነት መብት አካፈለው። የጓሮ በሩን የቀበረው ያ ሰው ነው። ጨቅጫቂዎቹም ከእሱ ጋር አብረው የሠሩ የሐሰት ስሞች ናቸው ተብሎ ነው የሚታመነው።

እዚህ ላይ የክሩ መንፈስ ተለወጠ። የ23 ነጥብ ጭቅጭቁ ለምን ማንንም አላስጠረጠረም የሚለው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው አለ፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነው በኦፕን ሶርስ ዓለም ውስጥ እንዲህ ዓይነት አነጋገር የዕለት ተዕለት ነገር ነው። አጥቂው የሁላችንን ቋንቋ ነው የተዋሰው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ምንም መጻፍ አልቻልኩም።

ቁጥር 24 ተናዘዘች። ከጥቂት ዓመት በፊት በነፃ የምትጠቀምበት ፕሮግራም ላይ ያለ አንድ ባግ (የኮድ ስህተት) በጊዜ አልተስተካከለም ብላ ለባለቤቱ ክፉ ነገር ጽፋ ነበር። ሰውዬው አስተካክሎ ይቅርታ ጠየቃት። ከወር በኋላ ፕሮጀክቱን ዘግቶ ሄደ። በእሷ ምክንያት ይሁን አይሁን አታውቅም፤ ያን መልእክት ግን እስከ ዛሬ ልታጠፋው አልቻለችም።

25 እና 26 ስለ ሊኑክስ ፈጣሪ ስለ ሊኑስ ቶርቫልድስ ተከራከሩ። ቁጥር 25 ሊኑክስ ጥራቱን የጠበቀው ሰውዬው መጥፎ ኮድ ሲያይ ሳያባብል ስለሚናገር ነው አለ። ቁጥር 26 ቶርቫልድስ ራሱ በሴፕቴምበር 2018 በኢሜይሎቹ ሰዎችን እንደጎዳ አምኖ ይቅርታ መጠየቁን፣ ለተወሰነ ጊዜም ከሥራው ገለል ማለቱን አስታወሰው። ከተመለሰ በኋላ ሊኑክስ አልፈረሰም። ኮዱ ደካማ ነው ማለትና አንተ ደካማ ነህ ማለት ይለያያል አለ። 25 ሰው ስሜቱን ቤቱ ትቶ ይምጣ ብሎ ሊሞቅ ሲል 9 ቁጥር አንጋፋው 27 ላይ ገቡ። በ40 ዓመት ውስጥ ካዩዋቸው ጎበዞች ብዙዎቹ ዝም ያሉት ተሰድበው ነው አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም፣ 25ም አልመለሰም።

ቁጥር 28 አዲስ በር ከፈተ። እነዚህን ሁለት ታሪኮች የምናውቃቸው በይፋ ስለተጻፉ ነው አለ። የጂቲኤው ሰው እያንዳንዱን እርምጃ ለማንም ክፍት በሆነ ገጽ ላይ አስቀመጠ፤ ፍሮይንድም ያገኘውን ለሕዝብ ክፍት በሆነ የደህንነት ኢሜይል መድረክ ላይ ለቀቀ። ዛሬ ግን እውቀቱ ሁሉ ዲስኮርድ ውስጥ እየገባ ነው። ዲስኮርድ በ2015 የመጣው ተጫዋቾች እንዲያወሩበት ነበር፤ አሁን የፕሮግራመሮች መጠየቂያ ሆኗል። እዚያ የተባለውን በጉግል ፈልገህ አታገኘውም። አንድ ሰው በጥሩ ሁኔታ ያስረዳው ነገር በሁለት ቀን ወደ ላይ ተንሸራቶ ይጠፋል፣ ያው ጥያቄ በሦስተኛው ቀን እንደገና ይመጣል።

ቁጥር 29 በጣም ተቃወመችው፣ እኔንም አሳመነችኝ ማለት ይቻላል። እሷ ስትጀምር በየመድረኩ ጥያቄ በጠየቀች ቁጥር ይኼ ተጠይቋል፣ መጀመሪያ ፈልጊ እየተባለች ተባርራለች። የተሰጣት መጠቆሚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው። ዲስኮርድ ላይ ግን አንድ የማታውቀው ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ አብሯት ቁጭ ብሎ ስህተቷን አሳያት። መዝገቡ ጠፍቷል፣ እሷ ግን ዛሬ ኢንጂነር ናት። 28 በትህትና መለሰ፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ግን ያቺን ሰዓት የሰጠሽ ሰው መጨረሻ ላይ አምስት መስመር ቢጽፍ ሌላ መቶ ሰው ይረዳ ነበር አላት። 30 ስለዚያ የታወቀ ቁስል አነሳ፤ የራስህን ችግር ስትፈልግ ከስምንት ዓመት በፊት ያው ችግር የገጠመውን አንድ ሰው ታገኛለህ፣ መጨረሻ ላይ ፈታሁት ብሎ ጽፏል፣ እንዴት እንደፈታው ግን የለም። 31 እና 32 በዚህ ላይ እየተቀባበሉ ተማረሩ። 33 አሁንም ስለ ኪቦርድ ነው።

34 የእኔ ነው። ጥያቄውን ጠይቄ እኔ ራሴ መልስ አልሰጠሁም ነበር። ክሩ በተከፈተ በሳምንቱ ሥራ ቦታ 22 ደቂቃ የሚፈጀውን የቴስት ስብስባችንን ለካሁ። ኮዱን ከፍቼ ሳይ 80 ቦታ ላይ 5 ሰከንድ ጠብቅ የሚል መስመር አለ። አንድ ሰው በአንድ ወቅት አንድ ቴስት አልፎ አልፎ ስለወደቀበት አስገባት፤ ሌሎቻችን ገለበጥናት። እኔም ከገለበጡት አንዱ ነኝ፣ ስሜ መዝገቡ ላይ አለ። 400 ሰከንድ ነው፤ ወደ 7 ደቂቃ። እያንዳንዷን የሚጠበቀው ነገር እስኪደርስ ብቻ ጠብቆ በሚቀጥል ኮድ ተካኋት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ሦስት ቀን ውስጥ ሁለቱ ያለፉት ለምን እንደሚያስፈልግ በማስረዳት ነው። 35 ያን ሁለት ቀን ለማን እንዳስረዳሁ ጠየቀኝ። አልመለስኩለትም።

36 ላይ ቁጥር 1 ተመለሰ። 9 ሰከንዱን ተከትሎ ሥሩን አግኝቶታል። ገጹ 400 ያህል ትእዛዞችን በዝርዝር ያሳያል። ኮዱ ዝርዝሩን አንዴ ከዳታቤዝ ያመጣል፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ትእዛዝ ደንበኛ ስም ለማግኘት እንደገና ወደ ዳታቤዝ ይሄዳል፣ 400 ጊዜ። የደርሶ መልሱ ጊዜ ነው 9 ሰከንድ የሆነው። ስሞቹን ከዝርዝሩ ጋር በአንድ ጥያቄ እንዲመጡ አደረገ። ገጹ ከግማሽ ሰከንድ በታች መከፈት ጀመረ። ፈታሁት ብሎ ብቻ አልሄደም። በምን እንደለካ፣ መጀመሪያ የት ተሳስቶ እንደፈለገ፣ የቀድሞውንና የአሁኑን ኮድ ጎን ለጎን አድርጎ ጻፈው። ሠራተኞቹ ግን ገጹን ጠቅ ካደረጉ በኋላ አሁንም ወደ ሌላ ነገር እንደሚዞሩ ነገረን፤ ልማዱ ገና አልለቀቃቸውም።

ቁጥር 37 አዲስ ሰው ነው። ጀማሪ እንደሆነ፣ የሞኝ ጥያቄ ከሆነም ይቅርታ እንዲደረግለት ጽፎ፣ 400 ትናንሽ ጥያቄ ከአንድ ትልቅ ጥያቄ ለምን እንደሚዘገይ ጠየቀ። የሚመጣው መረጃ መጠኑ ያው አይደለም ወይ አለ።

38 ላይ የመለሰለት 17 ነው። ጥያቄው የሞኝ እንዳልሆነ በመንገር ጀመረ። 400 ዕቃ ከመጋዘን ማምጣት ካለብህ አንድ አንድ እያመጣህ 400 ጊዜ መመላለስና በጋሪ አንዴ መጫን እኩል አይደሉም አለው፤ ዕቃው ያው ነው፣ የሚበዛው መንገዱ ነው። ከዚያ በራሱ ማሽን ላይ እንዴት መለካት እንደሚችል ደረጃ በደረጃ ጻፈለት፣ የሚጠብቀውንም ቁጥር ነገረው፣ ካልመጣለት እዚሁ ተመልሶ እንዲጽፍ ጠየቀው።